ሦስቱ «መርዞች» ጨጓራን ሲጠብቁ፦ እንዴት እናግዛቸው?

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጠመኔ ጋር ኖሬያለሁ። በየዓመቱ መርዛማ ጋዞች ላይ ስደርስ ሦስት ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ። የመጀመሪያው ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን በተኛበት ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና የጠፋ ያስመስላል። ሦስተኛው ከመኪና ጭስ ጋር ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ወደ ቡናማ ጋዝ ይለወጣል። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ሰሌዳውን አጠፋለሁ።

ከዚያ ጨጓራዬ ቆሰለ።

ታሪኩ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማስተማር ወገብ ይበላል። ሲያመኝ ጠዋት አንድ አይቡፕሮፌን፣ ከሰዓት አንድ እውጥ ነበር። የባሰበት ቀን ማታ ዳይክሎፌናክ እደርብበታለሁ። ቁርስ የሚባል ነገር አላውቅም። አምስት ሳምንት እንዲህ ሄድኩ። መጀመሪያ ጨጓራዬን ይልጠኝ ጀመር። ቃር ነው ብዬ ናቅሁት። በስድስተኛው ሳምንት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሳየው ግን ደነገጥኩ።

ሐኪሟ ኢንዶስኮፒ አድርጋ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብታ) ፎቶውን አሳየችኝ። ሮዝ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ግድግዳ። መሃሉ ላይ ነጣ ያለች፣ ዙሪያዋ የቀላ ጉድጓድ። የእርሳስ ላጲስ ጫፍ ብታክል ነው።

«ኪኒኑ ጨጓራዎን በስቶት አይደለም» አለችኝ። «ጠባቂዎቹን ነው ያባረረብዎት።»

ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው አልኳት። መጀመሪያ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን መልእክተኛ ኬሚካሎች ጠራች። ቀጥላ ሦስት ጋዞች ጠራች። ሦስቱም እኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፋቸው ናቸው።

«ዶክተር፣ እነዚህ እኮ መርዝ ናቸው።»

«የት እንዳሉና ስንት እንደሆኑ ነው ዋናው» ብላ ማዘዣዋን መጻፍ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከዚህ በታች ያለው ለራሴ ያዘጋጀሁት መመሪያ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ኬሚስትሪው ግን የኔው ሙያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ጋዞቹን እንለይ

ሰው «ሆዴን ጋዝ ሞላው» ሲል የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። የምናገሳው በአብዛኛው ከምግብና ከመጠጥ ጋር የዋጥነው አየር ነው። በታች በኩል የሚወጣው ደግሞ ብዙው ትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች የምግብ ትራፊ ሲያብላሉ የሚፈጥሩት ነው። ሃይድሮጅን አለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ሚቴንም አለ። ሰው የሚያሳፍረው ሽታ የሚመጣው በጣም ጥቂት ከሆኑ የሰልፈር ጋዞች ነው።

እኔ የማወራላችሁ የጨጓራ ግድግዳ ሴሎችና የደም ሥሮች ራሳቸው ስለሚሠሯቸው ጋዞች ነው። አይነፉም፣ አይጮሁም። መጠናቸው እጅግ ትንሽ ነው። ተሠርተው፣ ጎረቤት ሴል ውስጥ ገብተው፣ መልእክታቸውን አድርሰው ይጠፋሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሰውነት ውስጥ ዕድሜው በሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። ጋዝ መሆናቸው የጠቀማቸውም እዚህ ላይ ነው። የሴል ግድግዳ አያግዳቸውም፤ በር ሳያንኳኩ ይገባሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ሁሌም የሚሳሳቱት ስለሆነ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሌላ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ሌላ ነው። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት «የሳቅ ጋዝ» ነው። በአንድ የናይትሮጅን አቶም ነው የሚለያዩት። ፈተና ላይ ሁለት ነጥብ ያስቀንሳል።

ጨጓራ ራሱን ለምን አይበላም?

ጨጓራ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚጠጋ አሲዳማ ፈሳሽ ያመነጫል። ባዶውን ሲሆን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው። ይህ ፈሳሽ የዋጥነውን ሥጋ ያሟሟል። ጨጓራ ራሱም ሥጋ ነው። ታዲያ ማን አዳነው?

ላዩ ላይ ወፈር ያለ ዝልግልግ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ሥር ሴሎቹ ባይካርቦኔት ያፈሳሉ፤ በተራ ቋንቋ አሲድ የሚያረክስ ነገር ነው። ስለዚህ ከላይ አሲዱ እየፈላ ከሥር ሴሉ አጠገብ ያለው ፈሳሽ ገለልተኛ ለመሆን ይቃረባል። የላይኞቹ ሴሎችም ዕድሜያቸው የቀናት ነው፤ አርጅተው ይረግፋሉ፣ አዲስ ይተካል።

ይህን ሁሉ የሚቀልበው ደም ነው። ደም ካልደረሰ ባይካርቦኔት የለም፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ሾልኮ የገባ አሲድም ጠርጎ የሚወስደው ያጣል። ጋዞቻችን ዋና ሥራቸውን የሚሠሩት እዚህ ነው። የትንንሾቹን ደም ሥሮች ጡንቻ ያላላሉ፤ ደም ይፈሳል። ነጭ የደም ሴሎች የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ብግነት እንዳያስነሱም ይከላከላሉ።

ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከፕሮቲን መገንቢያዎች አንዱ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ሮበርት ፈርችጎት የሚባል አሜሪካዊ በ1980 አንድ ነገር አሳየ። የደም ሥር የውስጥ ሽፋኑ ካልተነካ በመድኃኒት ይላላል፤ ሽፋኑ ከተፋቀ አይላላም። ሽፋኑ የሆነ ነገር ይልካል ማለት ነው። የሚልከው ይኸው ጋዝ መሆኑ የተረጋገጠው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት። የሚገርመው ሽልማቱን ያቋቋመው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ ዲናሚት የሠራበት ናይትሮግሊሰሪን በስተርጅናው ለልቡ ታዝዞለት ነበር። ያ መድኃኒት የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀቀ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገኘው ሰውነት ያረጀ ደም ሲያፈርስ ነው። የደም ቀለም የሆነውን ሄም የሚሰብር ኢንዛይም አለ። ሲሰብረው ብረት፣ አረንጓዴ ቀለምና አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ይወጣል። ተመታችሁ የበለዘ ቆዳ ከቀናት በኋላ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ አይታችኋል? ያ አረንጓዴ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ቆዳችሁ ላይ ያንን ቀለም ስታዩ እዚያው ቦታ ላይ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ተሠርቷል ማለት ነው። ጨጓራ ሲጎዳም ይኸው ኢንዛይም ይበረታል።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚመጣው ሲስቲን ከሚባል ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነት ሆን ብሎ ለመልእክት እንደሚጠቀምበት የተጠረጠረው በ1996 ነው፤ ያውም አንጎል ውስጥ። ጨጓራ ላይ ዘግይቶ ነው የተደረሰበት። በ2005 በወጣ የአይጥ ጥናት እንደ አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች የጨጓራ ግድግዳ የሚሠራውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲቀንሱት ታየ።

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ይባላል። እነዚህ ተገላቢጦሽ ናቸው። ውጭ ቀጋ፣ ቤት አልጋ።

ግን ቤትም ውስጥ ሲበዙ ይዋጋሉ። ብግነት ባለበት ቦታ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመጠን በላይ ሲመረት ራሱ ሴል ይጎዳል። ስለዚህ «እንዴት እጨምረው?» ብላችሁ አትነሱ። ሰውነት መጠኑን ያውቃል። የኛ ሥራ እጁን አለማሰር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይኸው ነው።

ማስታገሻውን ቆጥራችሁ ያዙ

ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ጆን ቬን በ1971 አስፕሪንና ዘመዶቹ ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማገድ መሆኑን አሳየ። በ1982 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ችግሩ ያው ፕሮስታግላንዲን ጨጓራም ላይ ዘበኛ መሆኑ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ፕሮስታግላንዲንና ናይትሪክ ኦክሳይድ ይተጋገዛሉ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል። ሁለቱንም አንድ ላይ ስታግዷቸው ጉዳቱ ይብሳል። እኔ ቀን አንዱን ዘበኛ ሳባርር፣ ማታም ያንኑ እያባረርኩ ሸክሙን ሁሉ ተተኪው ላይ እጥል ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ የምትውጡትን ኪኒን ስም እወቁ። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ ያለውን። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዳንድ የጉንፋን ኪኒንም ውስጥ አይቡፕሮፌን ተደባልቆ ይገኛል። ሁለቱን መደረብ ሕመሙን እጥፍ አያስታግስም። ጉዳቱን ግን ይጨምራል። ዳይክሎፌናኩን ስደርብ ብልጥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

«በምግብ እወስደዋለሁ» ማለት ብቻውን አያድንም። ምግብ ማቃጠሉን ሊቀንስ ይችላል፤ ቁስለቱን ግን አያስቀርም። ምክንያቱም ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ኪኒኑ ግድግዳውን ስለነካው አይደለም። ደም ውስጥ ገብቶ ተመልሶ በደም በኩል ስለሚመጣ ነው። በዚሁ ምክንያት መርፌም አያመልጥም። ከባልደረቦቼ አንዱ «ጨጓራዬን ስለሚያመኝ በመርፌ ነው የምወጋው» ይለኛል። ስንቴ ነገርኩት። በኋላ በር መግባት ነው እኮ፤ ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው። አንጀት ሲደርስ እንዲሟሟ የተሸፈነ ኪኒንም ቢሆን ሙሉ መከላከያ አይሆንም።

የሚቀባው ጄል የተለየ ነው። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ሲቀባ ደም ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። የሚያማችሁ መገጣጠሚያ ለቆዳ ቅርብ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ፓራሲታሞልም ለጨጓራ የዋህ ነው። ግን ለጉበት አይደለም። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። አልኮል የሚያዘወትር ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ከዚያም በታች መሆን አለበት፤ ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የግድ መዋጥ ካለባችሁስ? ትንሹን መጠን፣ ለአጭር ጊዜ። ዕድሜያችሁ ከ65 ያለፈ፣ ከዚህ በፊት ጨጓራችሁ የቆሰለ፣ የደም ማቅጠኛ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ሐኪሙ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ አብሮ ሊያዝላችሁ ይችላል። ለልብ የታዘዘ አስፕሪንን ግን ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ልብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ከጨጓራው ሊብስ ይችላል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡም የዋጣችሁትን ሁሉ ተናገሩ። እኔ መጀመሪያ «አልፎ አልፎ ነው» ብዬ ነበር። ሐኪሟ ዝም ብላ አየችኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ። ማታ የምደርበውንም ተናዘዝኩ።

ምራቃችሁን አክብሩ

ይህ ክፍል የኔ ተወዳጅ ነው። ሰውነት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያገኝበት ሁለተኛ መንገድ አለው። ይህኛው እንደ መጀመሪያው የሰውነታችን ኢንዛይም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቅጠል፣ ምላስና አሲድ ነው።

አረንጓዴ ቅጠሎችና ቀይ ሥር ውስጥ ናይትሬት አለ። ትበላላችሁ፣ ደም ውስጥ ይገባል። ከደም ውስጥ ሩቡን ያህል የምራቅ ዕጢዎች ይለቅሙና መልሰው አፍ ውስጥ ይተፉታል። የምላስ ጀርባ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ያንን ምራቅ ትውጣላችሁ። ናይትራይቱ የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው እዚያው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይወጣዋል። በ1994 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፣ አንዱ በስዊድን አንዱ በብሪታንያ፣ ይህንን በሰው ላይ አሳዩ። ስዊድኖቹ የለኩት ከሰው ጨጓራ በግሳት የወጣውን አየር ነው! ሰላጣ ሲበሉ ጋዙ ጨመረ። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሲወስዱ ሊጠፋ ደረሰ። ስለ ግሳት ከላይ ያልኩትን በዚህ አርሙልኝ፤ ጥቂት ቁም ነገር አለበት።

አንብቤ አላስቻለኝም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ነበር። ያ ባለ ብዙ ቀለም ዘንግ። ከካሬዎቹ አንዱ ናይትራይት ሲነካው ሮዝ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ምንም ሳልበላ ብርጭቆ ውስጥ ምራቄን ተፋሁና ነከርኩት። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሳህን ጥሬ ሰላጣ በላሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሜ ነከርኩ። ካሬው ደምቆ ጽጌረዳ መሰለ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ «አባዬ፣ ምራቅህን ነው የምትመረምረው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ፊቷን አጨማዳ ሄደች።

ቀጣዩን ሙከራ ያደረግሁት ጥርሴን ስታከም የተረፈኝ የአፍ መጉመጥመጫ ስለነበረ ነው። ባክቴሪያ የሚገድለው ኃይለኛው ዓይነት። ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ተጉመጠመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ሳህን ሰላጣ በላሁ። ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ነከርኩ። ካሬው ነጭ ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ሆዴ ውስጥ አለ፤ ናይትሬቱም ምራቄ ውስጥ አለ። የሚለውጠው ሠራተኛ ግን የለም። በ2009 የወጣ የአይጥ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ናይትሬት ጨጓራን ከማስታገሻ ጉዳት ሲጠብቅ ነበር፤ የአፍ መጉመጥመጫ ሲጨመር ጥበቃው ጠፋ። የኔ ወረቀት በሽታ አይመረምርም፤ አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ያየው ነገር ነው። ግን በዓይኔ አየሁት።

እና ምን እናድርግ? ጥርሳችሁን እንደ ወትሮው ቦርሹ፤ ይህን ተዉ አላልኩም። ባክቴሪያ ገዳይ መጉመጥመጫን ግን ለጥሩ ትንፋሽ ብላችሁ በየቀኑ አትጠቀሙ። የጥርስ ሐኪም ካዘዘላችሁ የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱና አቁሙ። የኔው ካሬ በሳምንቱ ወደ ሮዝ ተመልሷል።

ቅጠል አዘውትሩ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ስፒናች፣ ቀይ ሥር። ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁት ናይትሬቱ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬውን በደንብ አጥባችሁ፣ ወይም በትንሽ ውሃ አብስላችሁ ብሉ። ቀስ ብላችሁ አኝኩ። አፍ የሚያደርቅ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ውሃ ጠጡ፤ ስኳር የሌለው ማስቲካም ምራቅ ይጠራል።

ጥንቃቄም አለው። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች የቅጠል መጠናችሁን በድንገት አትቀያይሩ፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዛባል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ስፒናች፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ከማብዛቱ በፊት ይጠይቅ። ጥቂት ወራት የሆነው ሕፃንም ለዚህ አይደለም፤ ናይትሬት ሲበዛበት ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ደግሞ ቀይ ሥር ከበላችሁ በኋላ ሽንታችሁ ወይም ሰገራችሁ ቢቀላ አትደንግጡ። ናይትራይት እኮ የታሸገ ሥጋም ውስጥ አለ የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል። ልክ ነው፤ አለ። ነገር ግን እዚያ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ነገሮች ይፈጠራሉ። ቅጠል ውስጥ አብሮት የሚመጣው ቫይታሚን ሲ ይህን ይከለክላል። ስለዚህ ያ መንገድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንድ ጥያቄ ራሴን ሲበላኝ ሰነበተ። የታዘዘልኝ ኦሜፕራዞል አሲዱን ከቀነሰው ይህንን የጋዝ መንገድ ይዘጋው የለ? ሐኪሟን ጠየቅኋት። «ልክ ነዎት፤ ግን ቁስሉ የሚድነው አሲድ ሲቀንስለት ነው» አለችኝ። በኢንዛይም የሚሠራው የመጀመሪያው መንገድ ደግሞ አሲድ አይፈልግም። ስምንት ሳምንቴን ሳላጎድል ዋጥኩ።

ቀሪዎቹ

ሲጋራ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠሩትን የደም ሥር ሴሎች ይጎዳል፤ ቁስለትን ያባብሳል፤ ያለውም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። «ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ይጠቅመኝ ይሆን» ያለኝ አንድ ቀልደኛ የክፍል ተማሪ አለ። የሚያጨሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳንባ ገብቶ ሄሞግሎቢንን፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ጨጓራ ጋ ለእርዳታ የሚደርስ አይደለም።

አልኮል በተለይ ከማስታገሻ ጋር ሲሆን መድማትን ያቀርባል።

ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ከማስታገሻ ጋር ዋናው የቁስለት ምክንያት ነው። ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ጠጥቶ ራሱ ላይ የሞከረው፣ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ያገኘው በዚህ ነው። ይህ ባክቴሪያ አርጂኒንን የሚበላ ኢንዛይም አለው። አርጂኒን ከሌለ የመከላከያ ሴሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠሩበት ያጣሉ። ስንቃችንን ይሰርቃል በሉት። ቅጠል አይገድለውም፤ በሐኪም የታዘዘ አንቲባዮቲክ ይገድለዋል። ስለዚህ ጨጓራ የሚያመላልሳችሁ ሰዎች ተመርመሩ። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ይታያል። ኦሜፕራዞል ወይም አንቲባዮቲክ በቅርቡ ከወሰዳችሁ ለመርማሪው ንገሩ፤ ባክቴሪያውን ደብቀው «የለም» ሊያሰኙ ይችላሉ።

በገበያ ላይ «ጋዝ ይጨምራል» የሚሉ ዱቄቶችና ኪኒኖች ታያላችሁ። እኔ አልገዛም። ትልልቅ ኩባንያዎችም ሞክረው ቀላል አልሆነላቸውም። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቅ ናፕሮክሰን ተሠርቶ በ2010 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሳይፈቅደው ቀርቷል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚለቅ ሌላ ናፕሮክሰን ደግሞ በ244 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ለሁለት ሳምንት ተሞከረ። ተራውን ናፕሮክሰን ከወሰዱት 42 ከመቶ ገደማው ጨጓራቸው ቆሰለ። አዲሱን ከወሰዱት 2.5 ከመቶ ብቻ። ሳነበው ከወንበሬ ተነሣሁ። በኋላ በተደረገ ሙከራ ግን በአንዳንዶቹ ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለት ታየ። መልሼ ተቀመጥኩ። ጋዞቹን በቱቦ ወይም በዕቃ ለመተንፈስ መሞከርማ ራስን ማጥፋት ነው፤ አታስቡት።

ይህን መመሪያ ጥላችሁ የምትሮጡባቸው ምልክቶችም አሉ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና የሚገማ ሰገራ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት። እንደ ቢላ የወጋ ድንገተኛ የሆድ ሕመም። ሲነሡ ማዞርና ራስን መሳት። እነዚህ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ናቸው። ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ምግብ መዋጥ ማቃትም ቀጠሮ ይዞ መታየት ያስፈልገዋል። የብረት ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ካልወሰዳችሁ ግን ሰበብ አትፈልጉ። እኔ ሁለት ቀን «የበላሁት ነገር ይሆናል» ብዬ ቆይቻለሁ።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ኢንዶስኮፒ ተደረገልኝ። ጉድጓዷ ቦታ ላይ ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ወገቤ አሁንም ያመኛል። በየሁለት ክፍለ ጊዜው እቀመጣለሁ፣ ማታ እንቅስቃሴ እሠራለሁ፣ ሲብስብኝ ፓራሲታሞል። አይቡፕሮፌኑ ከመሳቢያዬ ወጥቷል። በቦታው የሽንት መመርመሪያው ወረቀት ተቀምጧል፤ ሠላሳ አንድ ፍሬ ቀርቶታል። ፊቷን አጨማዳ የሄደችው ልጄ አሁን የራሷን ምራቅ ልትነክር ለነገ ቅዳሜ ቀጠሮ ይዛለች። ከእኔ የደመቀ ሮዝ አወጣለሁ ብላ ከምሳ ጀምራ ሰላጣ እየበላች ነው። ካሬው የሚቆጥረው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰዓታት እንደሆነ አልነገርኳትም።